ሱፐርሂሮ ኮሚክስ፦ ከየት ልጀምር? የትኛው ይነበባል? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለ ሱፐርሂሮ ኮሚክስ፣ ማለትም ልዩ ኃይል ስላላቸው ጀግኖች በሥዕል ስለሚተረኩ መጻሕፍት፣ ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ለመምረጥ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው። ጀግናው ያለው ኃይል የሕይወቱን ዋና ችግር የማይፈታለት ከሆነ፣ ያ ኮሚክ ይነበባል። መኪና በአንድ እጁ የሚያነሳ ልጅ የቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅተው ነው ታሪኩ የሚጀምረው። ኃይሉ ሁሉን ነገር የሚፈታለት ከሆነ ግን ያየነው ድብድብ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሞቹን አይቼ ጨርሻለሁ። ኮሚክሱን ማንበብ ምን ይጨምርልኛል?

ፊልም ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ዳይሬክተሩ ነው። ኮሚክ ላይ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አንድ ሥዕል ላይ አምስት ደቂቃ ብትቆዩ የሚያጣድፋችሁ የለም። ደግሞ ትልልቆቹ ፊልሞች በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ስለሚወጣባቸው ሁሉንም ሰው ማስደሰት አለባቸው። ኮሚክ ግን አንድ ደራሲና አንድ ሠዓሊ ከደፈሩ ይሠራል።

ማት ፍራክሽንና ዴቪድ አሃ ከ2012 እስከ 2015 ያወጡትን «ሆክአይ» እንይ። ሆክአይ ቀስተኛ ነው፤ ሌላ ኃይል የለውም። ውጊያው ከዓለም አጥፊ ጋር አይደለም። ብሩክሊን ውስጥ እሱና ጎረቤቶቹ የሚኖሩበት ፎቅ አለ፤ ነዋሪዎቹን ሊያስለቅቁ ከሚመጡ ወሮበሎች ጋር ነው የሚታገለው። 11ኛው እትም ሙሉውን በውሻው ዓይን የተተረከ ነው። ውሻው ከሰዎች ንግግር የሚገባው አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነው። የቀረውን የሚያውቀው በማሽተት ነው። ሠዓሊው የእያንዳንዱን ሰው ሽታ በትንንሽ ምልክቶች ሥሎ በመስመር ያገናኛቸዋል፤ እናንተም ከውሻው ጋር ሆናችሁ ወንጀሉን ትከታተላላችሁ። ይህ እትም በ2014 በዘርፉ ትልቁ የሆነውን የአይስነር ሽልማት አግኝቷል።

19ኛው እትም ላይ ደግሞ ጀግናው ጆሮው ተጎድቶ መስማት ያቆማል። ንግግር የሚጻፍባቸው ክቦች ባዷቸውን ይቀራሉ። ከወንድሙ ጋር በምልክት ቋንቋ ያወራሉ፤ ትርጉሙ ግን አልተጻፈም። እጆቹን እያያችሁ መገመት ነው። መስማት የተሳነው ሰው በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ ለሃያ ገጽ ያህል ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ይህን ወረቀት ላይ ብቻ ነው የምታገኙት።

ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ ነው። ከየት ልጀምር?

ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ሱፐርማን የወጣው በ1938 ነው፤ ባትማን በ1939። ከዚያ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ እትሞች ታትመዋል፤ ሁሉንም ያነበበ ሰው ማግኘትም ይከብዳል። ቅደም ተከተሉን ለመያዝ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያነብ ይቀራል።

በአንድ መጽሐፍ ተጀምሮ የሚያልቅ ታሪክ ፈልጉ። ለባትማን ለምሳሌ «ባትማን ይር ዋን» አለ። ፍራንክ ሚለር ጻፈው፣ ዴቪድ ማዙኬሊ ሣለው፣ በ1987 በአራት እትም ወጣ። ስለ ባትማን ምንም ባታውቁ አይጎዳችሁም። እንዲያውም የመጽሐፉ እኩሌታ የጎርደን ነው፤ ሁሉም ሰው ጉቦ በሚበላበት ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አልበላም ያለ አንድ መርማሪ። ባልደረቦቹ ይደበድቡታል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። እሱ ራሱ ደግሞ ንጹሕ ሰው አይደለም፤ ሚስቱ ላይ ይማግጣል። ጭምብል ካጠለቀው ሰው ይልቅ እኔን የያዘኝ ይሄ ሰው ነው።

አንድ ብቻ ምረጥልን ብንልህስ?

«ሱፐርማን ስማሽስ ዘ ክላን»። ሳላመነታ።

ደራሲው ጂን ሉን ያንግ የቻይና ስደተኞች ልጅ ነው። ሥዕሉ ጉሪሂሩ በሚል የጋራ ስም የሚሠሩ የሁለት ጃፓናውያን ሴቶች ነው። ከ2019 እስከ 2020 በሦስት ክፍል ወጥቶ አሁን በአንድ መጽሐፍ ይገኛል። መነሻው የ1946 የሬዲዮ ድራማ ነው። ያኔ ሱፐርማን በአሜሪካ ሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። አዘጋጆቹ ጀግናውን በ16 ክፍሎች ኩ ክሉክስ ክላንን ከሚመስል ቡድን ጋር አፋለሙት። ነጭ ጭምብል አጥልቀው ጥቁሮችን፣ አይሁዶችንና ስደተኞችን ያሳድዱ የነበሩት ማለት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ ለአሜሪካ ልጆች ዘረኝነት እቤታቸው እንዳለ የነገራቸው የሬዲዮ ጀግና ነበር።

ኮሚኩ ላይ የሊ ቤተሰብ ከቻይናውያን ሰፈር ወጥቶ የሱፐርማን ከተማ ሜትሮፖሊስ መሐል ወዳለ ሰፈር ይገባል። አባት በከተማው የጤና መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝቷል። ቤተሰቡ እንግሊዝኛ እንዲናገር ይጎተጉታል። ወንድ ልጁ ቶሚ ጎበዝ የቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ በአንድ ቀን ጓደኛ ያፈራል። ሮበርታ ግን አልሆነላትም። መኪና ያቅለሸልሻታል፤ ሰው ፊት መናገር ያስፈራታል፤ ሰፊ ጃኬቷ ውስጥ ተሸሽጋ መኖር ትፈልጋለች። ከዚያ አንድ ሌሊት ከቤታቸው ፊት መስቀል ይቃጠላል።

ታዲያ የሱፐርማን ችግር ምንድን ነው? ገና አይበርም። ይሮጣል፣ ይዘልላል፣ በስልክ ሽቦ ላይ ይንደረደራል እንጂ አየር ላይ አይንሳፈፍም። በልጅነቱ የተለየ ነገር ሲያሳይ ሰዎች እንዴት እንደሚያዩት ስላየ፣ ከራሱ ውስጥ የሚያስፈራውን ክፍል ቆርጦ አስቀርቶታል። እሱም እኮ ስደተኛ ነው። ከሌላ ፕላኔት የመጣ ስደተኛ። ልዩነቱ፣ መልኩ ነጭ ስለሆነ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሮበርታ ፊቷን አውልቃ ማስቀመጥ አትችልም። ይህን ሰውዬ ከሁሉም ቀድማ የምታውቅበት እሷ ናት፤ ግማሽህን ለምን ደበቅኸው ብላ የምታፋጥጠውም እሷ ናት።

ሀገር ቀይሮ የሚያውቅ ሰው፣ ወይም ሀገር ከቀየሩ ወላጆች የተወለደ ሰው፣ ይህን መጽሐፍ እንዲሁ አያልፈውም። ሌላው የወደድኩለት ነገር የክላኑን ሰዎች ጭራቅ አድርጎ አለመሣሉ ነው። ከመሐላቸው ቸክ የሚባል ልጅ አለ። አጎቱን ይወዳል፤ አጎቱ ደግሞ የክላኑ መሪ ነው። ልጁ በፍቅርና በእውነት መካከል ሲናጥ ታያላችሁ።

ሱፐርማን ሁሉን ይችላል። ምኑ ያጓጓል ታዲያ?

ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ነው። ብዙ መጥፎ የሱፐርማን ታሪክ የተጻፈው ደራሲዎቹ እሱን የሚያክል ተደባዳቢ ፍለጋ ስለሚደክሙ ነው። ግራንት ሞሪሰንና ፍራንክ ኳይትሊ ግን ከ2005 እስከ 2008 በ12 እትሞች ባወጡት «ኦል ስታር ሱፐርማን» ሌላ መንገድ ሄዱ። ሱፐርማን ሊሞት ነው። ከፀሐይ የወሰደው ኃይል ከመጠን በላይ ሆኖ ሴሎቹን እየገደለው ነው። ኃይሉ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ የሚገድለውም ያው ኃይሉ ነው። የቀረው ጥያቄ በቀረው ጊዜ ምን ይሠራል የሚለው ነው።

10ኛው እትም ላይ አንድ ገጽ አለ። አንዲት ወጣት ከፎቅ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ልትዘል ነው። የሥነ ልቦና ሐኪሟ ዘግይቶባታል። ሱፐርማን ከኋላዋ ይመጣል። አያንቀሳቅሳትም፣ አይዛትም፣ አይሰብካትም። ሐኪምሽ በእውነት ዘግይቶ ነው ይላታል። ከምታስቢው በላይ ጠንካራ ነሽ ይላታል። ከዚያ ታቅፈዋለች። አለቀ። ዓለምን በጡጫ ከሚያድንበት ገጽ ሁሉ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ነው። በጭንቀት ውስጥ ላለ ሰው ሌላ ሰው ማድረግ የሚችለው ትልቁ ነገር መጥቶ አጠገቡ መቆም መሆኑን የጻፈው ሰው ገብቶታል።

ስፓይደርማን ለምን ይህን ያህል ተወደደ?

ገንዘብ ስለሌለው። እየቀለድኩ አይደለም። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ በ1962 ሲያወጡት፣ ከእሱ በፊት የነበሩት ጀግኖች አብዛኞቹ ዐዋቂ፣ ቆንጆና ኑሮ የተሟላላቸው ነበሩ። ታዳጊ ልጅ ካለም የጀግናው ረዳት ነው። ፒተር ፓርከር ግን መነጽር ያደረገ፣ የክፍል ጓደኞቹ የሚያላግጡበት፣ አጎቱ የሞተበት የድሀ ቤት ልጅ ነው። አጎቱን የገደለው ሌባ ቀደም ብሎ በፊቱ ሲያልፍ ምን አገባኝ ብሎ ለቆታል። የቀረው ታሪክ ሁሉ የዚያች «ምን አገባኝ» ዕዳ ነው።

አንድ የስፓይደርማን እትም ብቻ ምረጥ ብባል 33ኛውን ነው የምሰጣችሁ፤ የ1966 ነው። ከተቻለ ከ31ኛው ጀምሩ። አክስቱ ሜይ ሆስፒታል ተኝታለች። የታመመችው ደግሞ እሱ በሰጣት ደም ነው፤ ደሙ ውስጥ ያለው ጨረር መረዛት። መድኃኒቱ ተገኝቷል። ግን ስፓይደርማን ብዙ ቶን በሚመዝን ብረት ሥር ወድቋል፤ ጣሪያው ውኃ ያፈስሳል፤ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ከፊቱ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። እጁ አይደርስም።

ዲትኮ ይህን በአንድ ሥዕል አልጨረሰውም። ገጽ በገጽ ያስኬደዋል። ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ያርፋል፣ አጎቱን ያስባል፣ እንደገና ይሞክራል። ሥዕሎቹ ያሉባቸው ሳጥኖች እየሰፉ ይሄዳሉ። ብረቱ በትንሽ በትንሹ ይነሳል። በመጨረሻ ብረቱን ከላዩ ሲወረውር አንድ ሙሉ ገጽ ለእሱ ብቻ ተሰጥቶታል። እናቱን ወይም አያቱን ያስታመመ ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ አይሰማውም።

እነዚህን ጀግኖች የፈጠሩት እነማን ናቸው?

በአብዛኛው የስደተኛ ልጆች። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የክሊቭላንድ ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ከአውሮፓ የመጡ አይሁዶች። ስታን ሊ ሲወለድ ስሙ ስታንሊ ሊበር ነው። ጃክ ከርቢ ደግሞ ጄኮብ ከርትዝበርግ ይባል ነበር። በእንግሊዝኛ ስም እየሠሩ እቤት ሌላ ስም የነበራቸው ሰዎች፣ ሁለት ስም ያላቸው ጀግኖችን ፈጠሩ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ከርቢና ጆ ሳይመን ካፒቴን አሜሪካን ሲፈጥሩ በመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ሂትለርን በቡጢ ሲመታው ሣሉ። መጽሐፉ ገበያ ላይ የዋለው በ1940 መጨረሻ ነው። አሜሪካ ወደ ጦርነቱ የገባችው ከዚያ ዓመት ቆይታ ነው።

ያገኙት ጥቅም ግን የሚያሳዝን ነው። ሲገልና ሹስተር የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጡት። ለአሥርት ዓመታት ተከራክረው በ1975 ነው ጡረታ የተቆረጠላቸውና ስማቸው በሥራቸው ላይ የተመለሰው። ባትማንን ከቦብ ኬን ጋር የፈጠረው ቢል ፊንገር ደግሞ ስሙ በይፋ የተጻፈለት በ2015 ነው። ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል። የምታነቡትን መጽሐፍ ሠዓሊና ደራሲ ስም ማወቅ ቢያንስ የምንከፍላቸው ነገር ነው፤ ለዚህ ነው እኔም ስማቸውን የማልዘልለው።

ዋካንዳ ኢትዮጵያ ናት?

አይደለችም። ከርቢና ሊ የዋካንዳን ንጉሥ ቲቻላን፣ ማለትም ብላክ ፓንተርን፣ በ1966 ሲያወጡ ዋካንዳ ምናባዊ ሀገር ነበረች፤ አሁንም ናት። ኢትዮጵያን አይተው ነው የሠሯት ማለት ማጋነን ነው። ግን ቅኝ ያልተገዛች፣ ንጉሥ ያላት፣ የራሷን ነገር የምትጠብቅ አፍሪካዊት ሀገር ሲባል አድዋ ትዝ የማይለው ኢትዮጵያዊ የለም። ትዝ ቢላችሁ ጥሩ ነው፤ ንባቡን ያጣፍጠዋል።

ፊልሙን ከወደዳችሁት ክሪስቶፈር ፕሪስት ከ1998 ጀምሮ የጻፈውን አንብቡ። ተራኪው የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ የሆነ ነጭ ሰው ነው። ንጉሡን እንዲከታተል ተመድቦ አንዱም ነገር አይገባውም። ንጉሥ ቲቻላ ምን እንደሚያስብ እኛም እንደ እሱ ከውጭ ሆነን ነው የምንገምተው። ይህም ንጉሡን ትልቅ ያደርገዋል።

ለእኛ ሀገር ሰው ቅርብ የሆነው ግን የታነሂሲ ኮትስ ነው። በ2016 ከሠዓሊው ብራያን ስቴልፍሪዝ ጋር ነው የጀመረው። ኮትስ በአሜሪካ ስለ ዘር ጉዳይ በመጻፍ የታወቀ ጋዜጠኛ ነው። ዋካንዳ ውስጥ ሕዝብ በንጉሡ ላይ ይነሳል። ንጉሡ ክፉ አይደለም። ሀገሩን ይወዳል፣ ለሀገሩ ደምቷል። የሚነሱበትም ቢሆኑ ክፉዎች አይደሉም። ደግ ንጉሥም ቢሆን ማን መረጠው? ይህ ነው ጥያቄው። የቲቻላ ጥፍር ብረት ይቆርጣል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልስ የለውም። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፤ ውይይት ይበዛዋል። ድብድብ የፈለገ ሰው ይሰላቻል። የአፄውን ዘመን ማብቂያ በቤተሰብ ወሬ እየሰማ ያደገ ሰው ግን አይሰላችም።

ልጆቻችን ያደጉት ውጭ ነው። የእነሱን ነገር የሚነካ አለ?

«ሚስ ማርቭል»፣ የ2014ቱ። ጂ. ዊሎው ዊልሰን ጻፈችው፣ ኤድሪያን አልፎና ሣለው፤ አዘጋጇ ሳና አማናት ናት። የመጀመሪያው ቅጽ በ2015 ለሳይንስ ልብ ወለድና ለምናብ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል።

ካማላ ካን የ16 ዓመት ልጅ ናት። ጀርዚ ሲቲ ነው የምትኖረው፤ ቤተሰቦቿ ፓኪስታናውያን ሙስሊሞች ናቸው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሱቅ ውስጥ ቆማ የአሳማ ሥጋ ያለበት ሳንድዊች ታሸታለች። አትበላውም። ማሽተት ብቻ ነው የፈለገችው። በጾም ከፈረንጅ ጓደኞቻቸው ጋር ምሳ የተቀመጡ የእኛ ልጆች ይህን ስሜት አሳምረው ያውቁታል።

ከዚያ ኃይል ታገኛለች። መልኳን መቀየር ትችላለች። መጀመሪያ የምትቀየረው ወደ ማን ነው? ወደምታደንቃት ጀግና፤ ረጅም፣ ነጭ፣ ወርቃማ ፀጉር ያላት ሴት። የተመኘችውን ሆነች። ግን ፀጉሩ ፊቷ ላይ ይወርዳል፣ ልብሱ ይይዛታል፣ ምንም ደስ አላላትም። የራሷን ልብስ የምትሠራው በኋላ ነው፤ ሰውነት ከሚሸፍነው የመዋኛ ልብሷ፣ ከቡርኪኒዋ።

በጣም የወደድኩት ግን ሽማግሌዎቹን ነው። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ላይ ወላጅና የሃይማኖት አባት ብዙ ጊዜ የሚመጡት ለመከልከል ነው። እዚህ ቤተሰቧ ወደ መስጊዱ ሼክ ይልካታል፤ ማታ ማታ እየጠፋች ስላስቸገረች። ልጅቷ ቁጣ ስትጠብቅ ሼኩ ሌላ ነገር ይሏታል። የምትሠሪውን ላትተዪ ከሆነ በድፍረት፣ በእውነት፣ በርኅራኄና ራስሽን በማክበር ሥሪው፤ አስተማሪም ፈልጊ ይሏታል። እናትየዋም ብዙ ቆይቶ ልጅቷ ምስጢሯን ስትነግራት ቀድማ ታውቅ ነበር። እናት አይደለች! ዋሽንግተን ዲሲም ሆነ ቴል አቪቭ ያደገ ልጅ፣ ቤተሰቡን ሳይጠላ ራሱን መሆን እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ ብዙ አያገኝም። ልጆቻችሁ ካነበቡት በኋላ እናንተም አንብቡት፤ የምታወሩት ነገር ታገኛላችሁ።

ኤክስ ሜን ውስጥ ያለው ጥላቻ ከየት መጣ?

ኤክስ ሜን ሲወለዱ የተለዩ ሰዎች ናቸው። ጥፋታቸው ይኸው ነው። ክሪስ ክሌርሞንት ከ1975 እስከ 1991 ሲጽፋቸው ይህን ሐሳብ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ዘረጋው፤ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በአካሉ የተገፋ ሁሉ የራሱን ነገር አገኘበት። ኬንያዊት እናት ያላት ስቶርም ቡድኑን ስትመራ ያነበበች ጥቁር ልጅ ምን እንደተሰማት አስቡት።

የ1982ቱን «ጋድ ላቭስ፣ ማን ኪልስ» አንብቡ፤ ሥዕሉ የብሬንት አንደርሰን ነው። አጭር ነው፤ ይከብዳል። አንድ የቴሌቪዥን ሰባኪ በእግዚአብሔር ስም እነዚህ ሰዎች ሰው አይደሉም ብሎ ይቀሰቅሳል። መጽሐፉ የሚከፈተው በሁለት ሕፃናት ግድያ ነው። መጨረሻው ላይ ሰባኪው በሺዎች ፊት ሰማያዊ ቆዳና ጅራት ወዳለው ናይትክሮውለር ጣቱን ቀስሮ ይህን ሰው ነው ትሉታላችሁ ይላል። የምትመልስለት የቡድኑ ትንሿ ልጅ ኪቲ ናት። የጓደኛዋን ደግነት ነው የምትናገረው። አንድም ኃይል ሳይጠቀሙ ያሸነፉበት ቦታ እሱ ነው። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ እንዴት እንደሚነሳ ላየ ሰው ይህ የጠፈር ታሪክ አይደለም።

ሁሉም «ዎችመን» ይላል። በእሱ ልጀምር?

በእሱ አትጀምሩ፤ ግን ሳታነቡትም አትቅሩ። አለን ሙርና ዴቭ ጊበንስ በ1986 እና 1987 በ12 እትሞች ያወጡት ሥራ ነው። ሱፐርሂሮዎች በእውነት ቢኖሩ ምን ዓይነት ሰዎች ይሆኑ ነበር ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያስፈራል። አምላክ የሚያክል ኃይል ያለው ዶክተር ማንሃተን ስለ ሰው ማሰብ እየተወ ይሄዳል። ሌላው ዓለምን ለማዳን ብሎ ሚሊዮኖችን ለመግደል ይወስናል። ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ሱፐርሂሮዎችን ቀድሞ ለወደደ ሰው ነው። ሳይወድድ ያነበበው ሰው ጨለማውን ብቻ ይዞ ይወጣል።

ስታነቡት 5ኛውን እትም አንድ ጊዜ አገላብጡት። የመጀመሪያው ገጽ የሳጥን አደራደር ከመጨረሻው ጋር፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው ሁለተኛ ጋር፣ እንደ መስታወት ይመሳሰላል።

ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?

ሱፐርሂሮ ስላለበት ብቻ የልጅ ነው ብላችሁ አትግዙ። ከላይ ካነሳኋቸው «ሱፐርማን ስማሽስ ዘ ክላን» እና «ሚስ ማርቭል» ከ10 ወይም ከ11 ዓመት ጀምሮ ይሆናሉ። የድሮዎቹ የስፓይደርማን እትሞች ለታናናሾቹም ይሆናሉ፤ በ1954 የወጣው የአሜሪካ አሳታሚዎች የሥነ ምግባር ደንብ በጣም ጥብቅ ነበርና። «ባትማን ይር ዋን» እና «ጋድ ላቭስ» ለትልልቅ ታዳጊዎች ናቸው። «ዎችመን» የዐዋቂ ነው፤ የመድፈር ሙከራና ከባድ ጭካኔ አለበት።

በአማርኛ የተሠራ አለ?

አለ። ብስራት ደበበ በ2018 ያወጣው «ጀምበር» በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተዘጋጅቷል። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ነው። ዲግሪ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆምን የማያውቅ የከተማ ልጅ ስለሌለ፣ መነሻውን በጣም ወድጄዋለሁ። ኃይል ማግኘት ሥራ ማግኘት አይደለም። ከእሱ ቀጥሎ «ሃዊ» መጣ፤ የእሱ ጀግና ሴት ናት፤ ታሪኩም ከዳያስፖራው ጋር ይገናኛል። ሁለቱንም ገዝታችሁ አንብቡ። ሁለተኛና ሦስተኛ ደራሲ የሚመጣው የመጀመሪያው ሲነበብለት ነው።

የት ነው የማገኛቸው?

አሜሪካ ያላችሁ መጀመሪያ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። አብዛኞቹ የኮሚክ መደርደሪያ አላቸው፤ በነፃ ነው። ብዙዎቹ ሁፕላ በሚባለው መተግበሪያም በስልክ ያውሳሉ፤ የሚያስፈልጋችሁ የአባልነት ካርድ ብቻ ነው። በወር እየከፈላችሁ ማንበብ ከፈለጋችሁ «ማርቭል አንሊሚትድ» ከ30 ሺህ በላይ እትሞች አሉት፤ ስፓይደርማን፣ ሆክአይ፣ ሚስ ማርቭል፣ ብላክ ፓንተርና ኤክስ ሜን ማርቭል የሚባለው አሳታሚ ናቸው። ሱፐርማን፣ ባትማንና ዎችመን ግን የሌላው አሳታሚ፣ የዲሲ ኮሚክስ፣ ስለሆኑ እዚያ አትፈልጓቸው።

አዲስ አበባ ያላችሁ የወረቀቱን ቅጂ በቀላሉ አታገኙም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አንድ ቅጽ አምጣልኝ በሉት፤ ቀጭን ነው፣ ሻንጣ አያጣብብም። አንዱ ካነበበው በኋላ ለጓደኛ ይዙር።

እነዚህን ወድጄ ከጨረስኩ ቀጥሎ ምን ላንብብ?

ገጸ ባሕርዩን ሳይሆን ደራሲውንና ሠዓሊውን ተከተሉ። አንድ ጀግና በመቶ ሰው እጅ ያልፋል፤ ግማሹ ጎበዝ አይሆንም። «ይር ዋን»ን ከወደዳችሁ ሚለርና ማዙኬሊ ከእሱ አንድ ዓመት ቀድመው የሠሩትን የዴርዴቭል ታሪክ «ቦርን አጌይን» ፈልጉ። ዴርዴቭል ዓይነ ስውር ጠበቃ ነው። በሱስ የተያዘች የቀድሞ ፍቅረኛው ምስጢሩን ለአንድ መርፌ ዕፅ አሳልፋ ትሸጠዋለች። ጠላቱ በቡጢ አይመጣበትም። የባንክ ሂሳቡን ያሳግዳል፣ የጥብቅና ፈቃዱን ያስነጥቃል፣ ቤቱን ያፈነዳል። ሰውን በወረቀትና በማኅተም ማጥፋት እንዴት እንደሚቻል እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ኮሚክ የለም።

የዘር ጉዳይ ከያዛችሁ ደግሞ ሮበርት ሞራሌስና ካይል ቤከር በ2003 ያወጡትን «ትሩዝ» አንብቡ። ካፒቴን አሜሪካን የፈጠረው ዓይነት መድኃኒት በጥቁር ወታደሮች ላይ ቢሞከርስ ኖሮ ይላል። አሜሪካ ተስኪጊ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ሰዎች ሳታክም በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ስታጠና እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ ደራሲው ይህን ከየት እንዳመጣው ይገባዋል። የተረፈው አይዛያ ብራድሊ ይባላል። መጨረሻ ላይ ካፒቴን አሜሪካ ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ያገኘዋል። ይህን መጽሐፍ ከሌሎቹ በኋላ አድርጉት፤ ዋናውን ካፒቴን አሜሪካ ካወቃችሁት በኋላ ይበልጥ ይገባችኋል።